ተራው የሴት ነበር

ውድ ማሳውኮ፣

ከሁሉ በፊት መረዳት ያለብህ ይህን ነው፤ ከዚህ መንደር ሊያስወጡኝ ነው፤ ምክንያቱ ግን እኔ ያደረግሁት ነገር አይደለም። ሚስቴ ፋሌሲ ለአንዲት እንግዳ ልጅ የሰጠችው መልስ ነው። መልሱ ምን እንደነበር አላውቅም። ይህን የሚያምነኝ ሰው በመንደሩ ውስጥ የለም። አንተ ግን እመነኝ፤ ከዚህ በታች የምጽፍልህ ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ባለፈው በስልክ ስንነጋገር አፌን የዘጋሁብህ ንቄህ አይደለም። ስልኬን የምሞላው በመንደሩ ሹም ሱቅ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘውም እዚያው በረንዳ ላይ ነው። አንተ "አጎቴ፣ መንግሥትንም ሹሙንም አመስግናለች ይበሉና ይገላገሉ" ስትለኝ የሱቁ ሻጭ ስኳር መመዘኑን ትቶ ጆሮውን አቅንቶ ነበር። ስለዚህ "ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው" ብዬ ዘጋሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ለሚኒባሱ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ። አሁን በቅደም ተከተል ላስረዳህ።

ልጅቷ ቲዮንጌ ትባላለች፤ በአነጋገሯ የሰሜን ልጅ ናት። ከጓደኞቿ ጋር በመኪና መጥታ እንደ ወጉ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ሹም ካሊምቦ ነው። ካሊምቦ የፋሌሲ ታላቅ ወንድም መሆኑን ታውቃለህ። እኔም እዚያ ተቀምጬ ነበር።

"አባባ፣ የመጣነው ሰው ስለ ኑሮውና ስለ አገሩ አስተዳደር ምን እንደሚያስብ ለመጠየቅ ነው። መንግሥት አልላከንም፤ የማንም ፓርቲ ሰዎች አይደለንም። የተጠየቀው ሰው ስምም አይመዘገብም" አለችው።

"ይሁን፣ ይሁን" አለ እየሳቀ። "መንግሥትም ሲመጣ እንደዚሁ ነው የሚለው።" ከዚያም ዶሮ አስይዞ መኪናቸው ውስጥ አስገባላቸው። ለጠያቂ ብቻ ዶሮ አይሰጥም። ያንን ዶሮ የሰጠው ለመንግሥት ነው።

ቲዮንጌ ከትምህርት ቤቱ ጀምራ ቤት እየቆጠረች፣ በደንቧ መሠረት አንዱን እያለፈች ሌላውን እያንኳኳች መጣች። ወደ እኛ አቅጣጫ ስትዞር አይቼ ጢሜን ተላጨሁ፤ ኮቴንም ለበስሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ እኔን ግን ስለ አገሬ የጠየቀኝ አልነበረም። በውስጤ መልሴን በክፍል በክፍል አዘጋጅቼ በራፌ ላይ ቆምሁ።

"በፊተኛው ቤት ያነጋገርሁት ወንድ ነው" አለችኝ። "እዚህ ተራው የሴት ነው፣ አባባ።"

"ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የተሟላ መልስ ነው የምሰጥሽ።"

"እሱን አልጠራጠርም። ግን ተራው የሴት ነው።"

ፋሌሲ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ የዱባ ቅጠል ትቀነጥስ ነበር። ቀና ሳትል፣ "ምነው መምህር? ልጆቹን በሰልፍ ስታቆም ተራ የሚዘልለውን ወደ ኋላ ትመልስ አልነበር? እስቲ አንተም ከኋላ ሁን" አለች። ልጅቷ ሳቋን መያዝ አቃታት። ቀጥላም ብቻቸውን መሆን እንዳለባቸው ነገረችኝ።

ደንቡ ትክክል ነበር። እኔ ብሆንም እንደዚያው እሠራ ነበር። ወደ ውኃ መቅጃው ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ፋሌሲ መጀመሪያ ላይ አንዴ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ዝቅ አለና እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቀጠለ። የማውቀው ይህን ብቻ ነው፣ ማሳውኮ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የንሲማ ገንፎ አቀረበችልኝና አብረን ቆረስን። ልጅቷ ምን እንደጠየቀቻት ጠየቅኋት።

"ብዙ ነገር። በእሷና በእኔ መካከል ነው፤ እንደሱ ብላኛለች።"

"እኔ ባልሽ አይደለሁም እንዴ?"

"ነህ። 'ለባልዎም ቢሆን' አለችኝ።" ቀጥላም እንዲህ አለች፦ "የመጨረሻዋን ብቻ ልንገርህ። 'እማማ፣ ማን የላከን ይመስልዎታል?' አለችኝ። 'መንግሥት' አልኋት።"

"ፋሌሲ! ልጅቷ እኮ መንግሥት አልላከንም ብላለች። ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው።"

እጇን ከሳህኑ ላይ አነሳች። የደነገጠች መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቅር ብሏት ነው ያየችኝ።

"ታዲያ የተናገርሁት አልደረሰም ማለት ነው?" አለች።

ያን ዕለት ገባኝ። ሌላው ሰው ደፍሮ ከተናገረ የሚደፍረው ስሙ እንደማይጻፍ አምኖ ነው። ፋሌሲ ግን ፊት ለፊቷ መንግሥት የተቀመጠ መስሏት፣ እያወቀች ነው የተናገረችው።

ነገሩ እዚህ ላይ በቆመ መልካም ነበር። ከእንግዶቹ በኋላ ግን ከዶዋ ከተማ የወረዳ ሰዎች መጡ። ለረሃቡ የመጣው የእርዳታ በቆሎ ለማን ለማን እንደታደለ ሹሙን በራሱ ግቢ፣ ሰው እያየ ጠየቁት። ከበቆሎው ከፊሉ ወደ ሱቁ ገብቷል ይባላል። እኔ ሲገባ አላየሁም፤ ስለዚህ ገብቷል ብዬ አልጽፍልህም። በረሃቡ ወራት ቀኑን ያለ ምግብ የዋሉ ቤቶች እንደነበሩ ግን አይቻለሁ፤ የኛም ቤት አንዱ ነበር። የጤና ጣቢያውም መድኃኒት የለውም፤ እዚያ ስንሄድ ራስ ምታት ቢሆን ቁስል ቢሆን ከዶዋ ገዝታችሁ አምጡ ነው መልሱ።

ካሊምቦ ነገሩን በራሱ መንገድ ገጣጠመው። ጠያቂዎቹን የላካቸው መንግሥት ነው፤ የወረዳ ሰዎችን ያመጣቸው የጠያቂዎቹ ወሬ ነው፤ ወሬውን የሰጠው የመምህሩ ቤት ነው። ሌሎች የተጠየቁት ሰዎች እየሄዱ "እኔ አመስግኜዎታለሁ" ብለውታል። ያልሄደች ፋሌሲ ብቻ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ በትልቁ ሾላ ሥር ሸንጎ ጠራ። የእኔን ቦታ ታውቃለህ፤ እንደ ወጋችን የሚኖረው ባል ወደ ሚስቱ አገር መጥቶ ነው። ቤቱን በጡቤና በላቤ ብሠራውም የመንደሩ እንግዳ ነኝ፤ በሸንጎ ላይ የኔ ወገን የሆነ ዋስ ከጎኔ ሳይቀመጥ አፍ የለኝም። ስለዚህ ዳር ላይ ተቀመጥሁ።

"እህቴ" አለ ካሊምቦ፣ "ለነዚያ ሰዎች ምን ብለሽ ነገርሻቸው?"

ፋሌሲ እንደ ሥርዓቱ ተንበረከከች። "ወንድም ጋሼ፣ አልነግርዎትም። ልጅቷ አደራ ብላኛለች።"

"ለእንግዳ የተነገረ ለወንድም ይደበቃል?"

ሽማግሌው ቢስዊክ ከኋላ፣ "እኔ ስጠየቅ ሁሉም ደህና ነው ብያለሁ! ጥርሴ እንኳን ደህና ነው ብያለሁ!" አለ። አፉ ውስጥ ጥርስ ስለሌለ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ካሊምቦ ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"እህቴን አልወቅሳትም። ቃሉ የሷ አይደለም። እሷ መንግሥት ምን እንደሆነ፣ አስተዳደር ምን እንደሆነ ከየት ታውቃለች? መምህሩ በቤት ያስጠናትን ነው የደገመችው። አማቻችን እዚህ ማስተማሩን ያላቆመ መስሎታል። እንግዲህ ዶማውን ተሸክሞ ወደ ናቱ አገር ይመለስ!"

ማሳውኮ፣ "ዶማውን ተሸክሞ" ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ትዳሩ ፈረሰ ማለት ነው። ዋስ ስለሌለኝ እኔ መመለስ አልቻልሁም።

ፋሌሲ ከተንበረከከችበት ተነሣች። በሹም ፊት ሴት እንዲህ ስትቆም አይቼ አላውቅም።

"መምህር አልሰማኝም። ውኃ መቅጃው ጋ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ የቀዱት ሴቶች ሁሉ አይተውታል። ወንድም ጋሼ፣ አባርሩት ቢሉ የእርስዎ ሥልጣን ነው። ቃሉ የሷ አይደለም ያሉትን ግን ይመልሱልኝ።"

"እንዴት አድርጌ ልመልስ?"

"ይጠይቁኝ። ለልጅቷ ያልሁትን አይደለም፤ እሱ አደራ ነው። እሷ የጠየቀችኝን እርስዎ ራስዎ ይጠይቁኝ፤ በዚህ ሰው ሁሉ ፊት እመልሳለሁ። 'ሹምሽን ታምኚዋለሽ ወይ?' ይበሉኝ። እስቲ ይበሉኝ!"

ካሊምቦ አፉን ከፈተና ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነበር። ጥያቄው ከሹሙ አፍ አልወጣም። ዝንቡን በጭራው እያባረረ ቆየና፣ "ዋስ በሌለበት የትዳር ጉዳይ አይታይም። በሚመጣው ቅዳሜ መምህሩ ዋሱን ያምጣ። ያኔ ሁለቱም ወገን ባለበት እጠይቃለሁ፤ እሷም ትመልሳለች። ዋስ ካላመጣ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ እሱም ይሄዳል" አለና ሸንጎውን በተነ።

ያለ ዋስ እንደምቀር ስላመነ ነው እንዲህ ያለው። አጎቶቼ እንደሞቱ፣ ወንድም እንደሌለኝ ያውቃል። የረሳው አንድ ነገር ነው፤ የእህት ልጅ ለእናቱ ወንድም ዋስ ይሆናል። ያ አንተ ነህ።

ቤት ስንገባ አንተ በስልክ የመከርኸኝን እኔም ሞከርሁ። "አመስግኜዎታለሁ በይውና ይለቀን፤ በዚህ ዕድሜ ዶማ ተሸክሜ ወዴት ልሂድ?" አልኋት። በቁጣ አልመለሰችልኝም፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ከሄድህ ተከትዬህ እመጣለሁ፤ እሱ አያስጨንቅህ። ግን እንደዚያ ካልሁ፣ ሌላ ጠያቂ ሲመጣ ያቺ ምን ታውቃለች፣ ባሏን ጠይቁት ይሉኛል። የመጀመሪያውም አልደረሰ። ይሄኛው ይድረስ።"

ከዚያ በኋላ እንድትዋሽ አልጠየቅኋትም፤ አልጠይቃትምም። ከአንተ የምፈልገውን ደግሞ በትክክል ልጻፍልህ፤ እንዳታሳስተው። መጥተህ እንድታስታርቀን አይደለም፤ ሹሙን እንድትለማመጥልኝም አይደለም። ከጎኔ በመቀመጫ ላይ እንድትቀመጥ ብቻ ነው። አንተ ከተቀመጥህ ሸንጎው ሙሉ ይሆናል፤ ካሊምቦ በገባው ቃል መሠረት ሊጠይቃት ይገደዳል፤ ፋሌሲም ትመልሳለች። በኋላ ይፈርድብኝ ይሆናል። ልሄድም እችላለሁ። ለዚያ ዶማዬን አጥቤ በር ላይ አቁሜዋለሁ። መልሷን ሳልሰማ መሄድ ግን አልፈልግም፤ እኔም እኮ እስካሁን አልሰማሁትም።

ከምዙዙ ዓርብ በጠዋቱ አውቶቡስ ከተነሣህ ትደርሳለህ። መገንጠያው ላይ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች አሉ፤ የመምህር ላስተን ቤት ካልሃቸው ያመጡሃል። የቀብር ኮትህን ልበስ፤ የዋስ ልብስ እሱ ነው።

መምጣትህን ወይም አለመምጣትህን ለዚሁ ሾፌር በወረቀት ጽፈህ ስጠው፤ በስልክ አትንገረኝ። አልመጣም ብትልም አልቀየምህም፤ ግን ጻፍልኝ፤ ፋሌሲ ከእንግዲህ በየማታው "ልጁ መለሰ?" እያለች ትጠይቀኛለች። ይህን እንዳነበብህ፣ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስነሣ፣ መልስህን ላክልኝ።

የእናትህ ወንድም፣
ላስተን ቺምፔኒ