ያልፈረሙልን የመሸኛ ደብዳቤ

ሁለት ድምፅ! በሁለት ድምፅ ብቻ ወደቀ! አጥቢያችን ጽዮን ከቤተ እምነቷ አትወጣም፣ ልጄም በተጠመቀችበት ቤተክርስቲያን ትዳራለች!

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደስታዬ ሰላምታዬን ቀድሞ ወጣ። እንደ ወጉ ልጀምር።

ለተከበሩ አቶ ቨርነር ስቶርሊ
በቫልዳ ከተማ የጽዮን ሉተራን ቤተክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ባለፈው እሑድ የድምፁ ውጤት ሲነበብ ከአዳራሹ እንደዚያ ፈጥነው ሲወጡ አይቼ፣ ባለቤቴን ኦርቪልን «ሰውዬው ጉልበቱ ተሽሎታል መሰለኝ» ብዬው ነበር። እሱ እንደሚያውቁት ብዙ አይናገርም፤ «እህ» አለኝ። በኦርቪል ቋንቋ ይህ ሆድ ይዞ መሳቅ ነው።

ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር እንዳይመስልዎ። እንዲህ ያለ ውለታ በጓዳ ተደብቆ መቅረት የለበትም ብዬ ነው።

1ኛ. ከሦስት ዓመት በፊት ልጄ ብሪታና ጆሊን የምትባለው እጮኛዋ በጽዮን መጋባት እንደሚፈልጉ በጨዋ ደንብ በጽሑፍ ሲጠይቁ፣ መልሱን በጽሑፍ በመስጠት ፈንታ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ኬኩን ይዞ በቆመበት ስለ ሰጡን አመሰግናለሁ። «ብሪታዬ፣ በራቸው ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራ የሰቀሉ አሉ አይደል? እዚያ ሂዱ። እዚህ ቤተክርስቲያን ነው» አሏት። በመሠዊያው ፊት የምንንበረከክበትን የእንጨት መደገፊያ በእጁ የሠራው አባቴ ነው። ብሪታ ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው ምልክት ከዳር በኩል አሁንም አለ። እርስዎም በየሳምንቱ ቁርባን ሲቀበሉ እጅዎን የሚያሳርፉት እዚያው ላይ ነው።

2ኛ. የቤተክርስቲያኑን ኩሽና ሃያ ሁለት ዓመት መርቻለሁ። የእናትዎ ቀብር ዕለት ለመቶ አርባ ሰው የድንችና የሥጋ ትሪ የጋገርኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎም ሦስቴ ጨምረዋል፣ ሐዘን ያስርባል። ከብሪታ ጋር ከጽዮን ከወጣን በሳምንቱ ታዲያ ትሪዬን በካርቶን አድርገው፣ ከሥሩ ስሜን የጻፍኩበትን ፕላስተር ልጠው ላኩልኝ። እዚህ አገር ለአንዲት ሴት ትሪዋ ስሟ ተልጦ ሲመለስላት «ከእንግዲህ እዚህ ቦታ የለሽም» ማለት እንደሆነ ለማንም አላብራራም። ይሁን እንጂ ጥሩ አድርገው አጥበውታል።

3ኛ. አሁን ወደ ትልቁ ውለታ ደረስኩ፤ እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ከብሪታ ጋር የወጣነው አሥራ አንድ ነበርን። የሜቶዲስቶቹም የኤጲስቆጶሳውያኑም በር ክፍት ነበር፤ እኛ ግን የግማሽ ሰዓት መንገድ እየነዳን ወደ ኮንግሪጌሽናሎቹ ቤተክርስቲያን ሄድን። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉን። አባል ለመሆን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጽዮን የመሸኛ ደብዳቤ። እርስዎም ያውቁታል፣ በእኛ ዘንድ ሰው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው የሚሻገረው በመሸኛ ነው። አንዴ ጠየቅን፣ ዝም አሉ። ሁለተኛ ጠየቅን፣ «ረስቼው» አሉ። ሦስተኛ ስንጠይቅ በራስዎ እጅ እንዲህ ብለው ጻፉልን፦ «ያ ቤተክርስቲያን ስላልሆነ ወደዚያ መሸኛ አልፈርምም።» ያን ቀን አልቅሻለሁ፤ እውነቱን ልናገር። ብሪታ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ «እማዬ፣ ይህን አትቅደጂው» ባትለኝ ኖሮ ምድጃ ውስጥ እጨምረው ነበር። አሁን መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ ሳሎኔ ተሰቅሏል፤ ቢመጡ ያዩታል።

4ኛ. ቤተ እምነታችን የሁለት ሴቶችን ጋብቻ ስለሚፈቅድ ጽዮን ከእሱ ትውጣ ብለው ጉባኤ ስለ ጠሩ አመሰግናለሁ። ብትወጣ የብሪታ ነገር ለዘላለሙ ያበቃ ነበር። ደንቡ ከተገኙት አባላት ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። ፓስተራችን ኤሊን በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ «የብሪታስ ሠርግ?» ብላ ብትጠይቅዎ፣ «ድምፁ ይወስን! ካላለፈማ የሠርጉን ደወል እኔው ራሴ እደውላለሁ!» ብለው ቤቱን በሳቅ አናጉት። ጸሐፊያችን ወይዘሮ አርዲስ ማስነጠስ እንኳ የማያመልጣት ሴት ናት። ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ አራት።

እሑድ ዕለት አሥራ አንዳችን ገብተን ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን። የእርስዎ ወንበር መሆኑ እንዴት እንደ ጠፋን እንጃ። እርስዎም ተነስተው «እነዚህ እንግዶች ናቸው፣ ድምፅ የላቸውም» አሉ። አርዲስ መዝገቡን ገለጠች።

«መሸኛ እኮ አልተጻፈላቸውም፣ አቶ ቨርነር። አባላት ናቸው። ለገናም ለፋሲካም እዚሁ መጥተው ቆርበዋል።»

«ሄደዋል አልኩሽ!»

«ወዴት?» አለች አርዲስ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ።

ወዴት ይበሉ? «ቤተክርስቲያን አይደለም» ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ከአሥራ አንዳችን አንዷ የሆኑት፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው እማማ ኢንጋ ክራንቻቸውን ተደግፈው ከአጠገቤ «እኔማ ሦስት ዓመት ሽርሽር ላይ ነበርኩ ማለት ነው፣ ልጄ» ሲሉ ሰምተዋቸዋል፤ ጆሮዎ ሲቀላ አይቻለሁ።

የተገኘነው ዘጠና ስድስት፤ የሚያስፈልግዎ ስድሳ አራት፤ ያገኙት ስድሳ ሁለት። ያኔ ፈርመውልን ቢሆን ኖሮ እኛ ሌላ መዝገብ ላይ፣ እርስዎ ከሰማንያ አምስት ሰው ስድሳ ሁለቱን ይዘው አሸንፈው፣ ልጄም ደጅ ቆማ ነበር። ጉድጓድ ሲምሱ አርቀው አይምሱ ይባላል፤ እርስዎ ግን አርቀው ማሱት፣ እግዜር ይስጥልን። ክፉ ነሽ ቢሉኝ አልቀየምም። ሦስት ዓመት ሙሉ ይቅር በይ እየተባልኩ ጸልያለሁ፤ እሑድ ከሰዓት ግን እንዲህ ጣፍጦኝ እራት የበላሁበት ቀን የለም።

በታላቅ አክብሮት፣ እጅ በመንሳት፣ እርስዎን ለረጅም ዕድሜ እንዲያቆይልን በመለመን፣

ስሟ ከትሪዋ እንጂ ከመዝገቡ ያልተላጠው፣
ማርሊስ ትቬት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አርዲስ፣ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝ
ለእማማ ኢንጋ፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብላቸው

ማሳሰቢያ፦ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። የወለድኳት ልትጠፋ ነበር፤ አልጠፋችም። እንግዲህ የተናገሩትም አይጥፋ። የደወሉ ገመድ ለጉልበትዎ እንዳይከብድ ኦርቪል ቅባት ቀብቶታል፣ ከሥሩም ወንበር አስቀምጦልዎታል። ትሪዬም ይመጣል፤ ስሜን በመርፌ ብረቱ ላይ ፍቄ ጽፌበታለሁና ለመላጥ አይድከሙ። ቫልዳ ያላችሁ ሁሉ፣ ድምፃችሁን «ትውጣ» ብላችሁ የሰጣችሁም ጭምር፣ አንድም ሰው እንዳይቀር፦ የሠርጉን ደወል አቶ ቨርነር ስቶርሊ የሚደውሉት ቅዳሜ፣ ኦክቶበር አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።