ቃሬዛው ከበሩ አይነሳም

ወንድምዓለም፣ ይህችን ደሴት ያነቃነቅኳት እኔ ነኝ! እሺ፣ አንድ ቃሬዛ ነው የተሸከምኩት። እዚህ መንገዱ ተጀምሮ ስለቀረ ምጥ የያዛት ሴት ክሊኒክ የምትደርሰው በሰው ትከሻ ነው። በመንደሩ ስብሰባ ላይ የመንገዱ መሐንዲስ "ትንሽ ታገሡ" ሲል፣ የክሊኒኩ አዋላጅ ቃሬዛውን ፊቱ ዘርግታ "እስቲ አንተ ተኛና ታገሥ፣ የኔ ጌታ!" አለችው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እምቢ ለማለት አፈረና ተኛ። በኮረኮንቹ እያንገጫገጭን ስንወስደው "አውርዱኝ!" ብሎ ጮኸ።

"ምጥ ላይ 'አውርዱኝ' የለም!" አለችው።

ክሊኒኩ በር ላይ ይቅርታ ጠየቀን። የእኛ ሰፈር ቢሆን አጉረምርመን እንበተን ነበር። ለማታ ትምህርት አስተማሪዬ "ይህን ፖስት ካርድ ያለ አጋዥ ጻፈ" በልልኝ፤ እማማን ሳምልኝ። ካርዱ ሳይሞላ እውነቱን ልንገርህ፤ ይቅርታውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሱ ልብሱን አራግፎ ሄደ። ቃሬዛውን ግን ቢሮው በር ላይ ዘርግተነዋል፤ መንገዱ እስኪያልቅ እዚያው ይጠብቀዋል።