የባለቤቴን ስም ለበሉት ለክቡር ሎርድ ሻጋታ

ይድረስ ለተከበሩ ሎርድ ሻጋታ፣ የ«መቃብርና ኮከብ» ሳምንታዊ የሥዕል መጽሔት ዋና አዘጋጅ፤ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ሥጋም ደምም ስለሌለዎት የዘንድሮው የለንደን ብርድ እንዳልጎዳዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ኤኒድ ትሬልፎል እዚህ ፕረስተን ከአንድ ሰው ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ያ ሰው ባለቤቴ ሌስተር ነው፤ በጥቅምት ቀበርኩት።

እርስዎ በሥዕል ብቻ የሚኖሩ፣ ጥርስዎ አረንጓዴ የሆነ፣ ባርኔጣዎ ላይ እንጉዳይ የበቀለብዎ ጭራቅ መሆንዎን አላጣሁትም። ነገር ግን ለአሳታሚ ድርጅትዎ ስጽፍ መልስ የመጣልኝ በእርስዎ ፊርማ ስለሆነ፣ ካለው ሹም ሁሉ የሚሰማኝ እርስዎ ብቻ ቢሆኑ ነው ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ሌስተር ዕድሜውን ሙሉ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ለመጽሔትዎ ሲጽፍ ስሙ አንድ ቀን እንኳ አልታተመም። ተፎካካሪ አሳታሚዎች ጸሐፊ እንዳይነጥቁ ተብሎ፣ ታሪኩን ሁሉ የጻፈው ጭራቁ አዘጋጅ ነው ይባል ነበር። የዘመኑ ወግ ስለነበረ እኛም ስቀን ተቀበልነው። ደግሞስ እርስዎን የፈጠረዎት ማን ሆነና! ስምዎን ያወጣልዎ የመታጠቢያ ቤታችንን ጣሪያ አይቶ ነው። ለአንባቢ ልጆች ደብዳቤ የሚሰጡትን መልስ፣ «አንተ የዳቦ ፍርፋሪ!» የሚለውን ስድብዎን ሳይቀር የጻፈልዎ እሱ ነው። ባጎረሰ እጁን ተነከሰ ማለት የእሱ ነገር ነው፤ ንክሻዎ ግን ጨዋነት ያልተለየው በመሆኑ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ታሪኮቹን ሰብስበው መስከረም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ መግቢያው ላይ «ሎርድ ሻጋታ የአስፈሪ ታሪክ ሊቅ ናቸው» ስለሚል እንኳን ደስ አለዎት። ሊቅነትዎን እኔም እመሰክራለሁ። ሌሎች መጽሔቶች ጭራቁን መስኮት አሰብረው ሲያስገቡት፣ የእርስዎ ጭራቅ በር አንኳኩቶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ሻይ ተጋብዞ ነው ቤተሰቡን የሚጨርሰው። ቤተሰቡም እንግዳው ቅር እንዳይለው ብሎ ዝም ይላል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው አገሩንና ጎረቤቱን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው። ያ ትኬት ቆራጭ ሮቦትዎ ደግሞ! ሰው ሁሉ ባለቀባት ፕላኔት ላይ አውቶቡሱን በየፌርማታው እያስቆመ ለባዶው ወንበር «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ከኋላ እኮ ቦታ አለ!» የሚለው። ሌስተር ያንን የጻፈው እናቱን በቀበረ ሳምንት ነው። በአውቶቡስ ላይ ትኬት እየቆረጠች ያሳደገችው እናቱ ነበረች። እርስዎም እናት እንደነበረዎት አላውቅም ነበር፤ ነፍስ ይማር።

ሦስተኛ፤ በእኛ አገር የልጆች መጽሔት ሲሞት መርዶ አይነገርም። ከሌላ መጽሔት ጋር ተዋሐደ ይባልና ሽፋኑ ላይ «ታላቅ ዜና፣ ጓዶች!» ተብሎ በትልቁ ይታተማል፤ ልጆቹ ሲገልጡት የሚወዱት ታሪክ የለም። «መቃብርና ኮከብ» የተዘጋ ጊዜም ታላቁን ዜና ሌስተር ራሱ በእርስዎ ድምፅ እንዲጽፈው ታዘዘ። ጽፎ ሲጨርስ «ኤኒድዬ፣ የገዛ ሬሳዬን ስጦታ ነው ብዬ ጠቅልዬ ላክሁት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ታላቅ ዜና አለኝ የሚል እንግዳ ሲመጣ ደንግጠን እንቀመጣለን።

አራተኛ፤ ይኸኛው ትንሽ ነው። መጽሐፉ ሊወጣ ነው ሲባል ሌስተር ሳንባውን ታሞ ተኝቶ ነበር። ዘመኑ ተለውጦ አሁን የጸሐፊ ሁሉ ስም ይታተማልና የእሱም እንዲታተም ብቻ ፈለገ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀም። ስልክ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሠራተኛ «እማማ፣ እኛ ጋ ደራሲ ተብለው የተያዙት ሎርድ ሻጋታ ናቸው» አለችኝ።

«የእኔ ልጅ፣ ሎርድ ሻጋታ እኮ የሚባል ሰው የለም!» አልኳት።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ግን የሳቸውን ስም በምን ሥልጣኔ ልሰርዝ? እስቲ በጽሑፍ ያመልክቱ» አለችኝ። አመለከትኩ።

መልስዎ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። «አንቺ የዳቦ ፍርፋሪ! ሎርድ ሻጋታ ሁሉንም ብቻውን፣ በገዛ ጥፍሩ ጻፈ! በይ አሁን ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ!» ይላል። ጨዋታ መሆኑ ገብቶኛል። የጻፈው ሰው ሌስተርን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ አነጋገሩን ግን አጥንቶታል፤ ቀልዱ የሚወድቅበት ቦታ እንኳ የሌስተር ነው። ክቡር ሆይ፣ አቤቱታ የሚጥል መሥሪያ ቤት ሞልቷል፤ የመበለትን አቤቱታ በሟች ባሏ ድምፅ የሚጥል ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ደግሜ ሳነበው ድምፁ ናፈቀኝና አለቀስኩ። ደብዳቤዎን አልቀደድኩትም፤ ያልቀደድኩበትን ምክንያት ራሴም በወጉ አላውቀውም።

ሁለተኛው እትም ለፋሲካ ይወጣል ብለዋል። «ደራሲ፦ ሌስተር ትሬልፎል» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩልኝ ምን ይጎድልብዎታል? እርስዎ እንደሆነ አይሞቱም።

ሻጋታዎ እንደለመለመ፣ ባርኔጣዎ እንጉዳይ እንዳበቀለ ለልጅ ልጅ እንዲደርሱ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣
ኤኒድ ትሬልፎል፤ የፈጠረዎት ሰው ሚስት።

ማስታወሻ፦ መጽሐፉ እንደወጣ ገዝቼ አልጋው ድረስ ወሰድኩለት። ታሪኮቹን አላያቸውም፤ የደራሲ ስም የሚወጣበትን ገጽ ፈለገ። አነበበው። ቀጥሎ ያለውን ገለጠ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ከዚያም ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የወረቀቱን ጠርዝ ያሻሽ ጀመር። «ኤኒድዬ፣ ሁለት ገጽ ተጣብቆ ነው መሰለኝ» አለኝ። «አዎ፣ ተጣብቆ ነው» አልኩት። እናም ክቡር ሆይ፣ ለሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤቱን ስለ ሙጫው አደራ ይበሉልኝ።