ስኳር የሚለው ቃል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የባለቤቴ የመሰለች ጠጅ ቤት ዛሬ ረፋድ ላይ ታሸገ።

ፈቃዱ በሟች እናቷ ስም ነበር። ሟች አይነግድም አሉ... እውነታቸውን ነው። በራሷ ስም አዲስ ፈቃድ እስክታወጣ ሽያጭ የለም። ከንግድ ቢሮ ሁለት ሰዎች መጥተው በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ደንበኛችን ኦሊቃን ብርሌውን ሳይጨርስ አስነሡት። ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ ከወጣ ወዲህ ጥጓ የሱ ነበረች። "ይቺን ልጨርስና ታሽጋላችሁ" ቢል ማን ሰምቶት!

መሰለች ብርሌዎቹን አጥባ ደፋቻቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ማመልከቻውን እኔ ሞላሁላት። ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጣ ላይ ስጽፍ ኖሬ ይሄ ያቅተኛል? አንዱ ጥያቄ "መጠጡ ከምን ይዘጋጃል?" ይላል። ከማር፣ ከስኳርና ከጌሾ ብዬ ጻፍኩ። ሳታነበው ፈረመች።

ስኳሩ የእናቷ ነው። ወንጂ ላይ ለሸንኮራ ቆራጮች ስትጠምቅ ማር ብርቅ፣ ስኳር ጎረቤት ነበር። ጣዕሙ እንደዚያው ቀረ። ደንበኛም የሚመጣው ለሱ ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ማመልከቻው ተመለሰ።

የንግድ ቢሮው መስኮት ላይ ያለችው ቦንቱ የምትባል ልጅ ናት። ጨዋ።

"ጋሼ፣ ስኳር የሚለውን ያውጡት።"

"አለበት እኮ።"

"አውቃለሁ! አጎቴ እናንተ ጋ አይደል የሚጠጣው?" ሳቀች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ስኳር ካለበት ጠጅ አይባልም። ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው የሚባለው።"

"ታዲያ ምን እንበለው?"

"ማር ይበሉት። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

እንደነበረ መልሼ ሰጠኋት። እያዘነች ተቀበለችኝ። ስወጣ ኮርቼ ነበር መሰለኝ... ምን የሚያኮራ ነገር አለው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መሰለች ሰማች። እንድትመክረኝ ቦንቱ ደውላላት ኖሯል።

"አንድ ቃል! አንዲት ቃል ብትተው ምን ይቀርብሃል?"

"ውሸት ይሆናላ።"

"ጋዜጣ መሰለህ እንዴ? የታሸገው ያንተ ብዕር አይደለም፣ የኔ በር ነው!"

ለኅዳር ሚካኤል ካልከፈትን ደንበኛው ይበተናል። እሷ ይህን አልነገረችኝም። አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የወይዘሮ እንቁ ጠጅ ቤትም ተፈተሸ። የኔን ወረቀት አይተው "ሌሎቹስ?" ብለው ነው አሉ። መንገድ ላይ አግኝቻት ሰላም ብላት፣ "ስኳር ይያዝህ!" አለችኝና አለፈች። ለጠማቂ ሁሉ አሁን እኔ ጠቋሚ ነኝ።

መሰለች አንድ ሆቴል ሽንኩርት መላጥ ጀምራለች። እጇ የጌሾ ሽታውን እየተወ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ተሸነፍኩ። ሌላ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ከማርና ከጌሾ። መሰለች ይሄኛውን ቃል በቃል አነበበችው። ፈረመች።

ቦንቱ ደስ አላት። "አሁን ናሙና ብቻ ነው የቀረው። ለሱ እንኳ ማር ብቻ ያለበትን ከሰው ፈልጉና አምጡ፣ ጋሼ።"

ኦሊቃ ሻሸመኔ ካለ ዘመዱ አንድ ጀሪካን አስመጣልን። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። "ያ ዋቅ! ጠጅ ይሄ ከሆነ እኛ ወንጂ ምን ስንሠራ ኖርን?"

እኔ ሳቅሁ። መሰለች አልሳቀችም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

እንቅልፍ የለም። ምን ብዬ ጻፍኩ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ናሙናውን መሰለች ወሰደች። እኔ ቦንቱን ለማየት አፍሬ ቀረሁ። ስትመለስ የሻሸመኔው ጀሪካን ከበሩ ጀርባ እንደተቀመጠ ነው።

"ምን ይዘሽ ሄድሽ?"

"የኔን ነዋ። ጓሮ ካለው ጋን ቀድቼ።"

"መሰሉ... ወረቀቱ እኮ ማር ብቻ ነው የሚለው።"

"ይላል። ልጅቷ 'የእርስዎ እጅ ነው?' ብላ ጠየቀችኝ። የሌላ ሴት ጠጅ ይዤ 'አዎ፣ የኔ ነው' ልበል? የኔ ነው፣ ስኳር አለበት አልኳት።"

"ምን አለች?"

"ራሷን ያዘች።"

ፋይሉ ውስጥ አሁን ሁለት ማመልከቻ አለ። ሁለቱም የኔ ጽሕፈት፣ ሁለቱም የሷ ፊርማ። የመጀመሪያውን ካመኑ ባዕድ ነገር ቀላቅለናል። ሁለተኛውን ከያዙ ዋሽተናል። በሩ የሚከፈትበት ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ... አላገኘሁም። ቦንቱስ ምን ይሏት ይሆን?

አልተጣላንም። ማታ ከሻሸመኔው ቀዳችልኝ፣ ለራሷም ቀዳች። ቀመሰችና አስቀመጠችው።

"ጥሩ ጠጅ ነው" አለች። "የኔ ግን አይደለም።"

ውሳኔው ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው፣ ኅዳር 11። በማግስቱ ሚካኤል ነው።