ሳይዘል ያንብብልዎት

ለተከበሩት እማማ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የዓይን ሐኪሙ ምን አለዎት፣ ሞራው ለመገፈፍ ደርሷል ወይስ አሁንም ትንሽ ይቆይ ይላል? እኔ ደህና ነኝ። ከጭቃውና ከአልኮሉ ሽታ በቀር የሚከፋኝ ነገር የለም። የሰጡኝ የዝናብ ካፖርት ብብቱ ሥር ተቀዶ ነበር፤ ጠቅሜው አሁንም ባሕር የምወጣው እሱኑ ለብሼ ነው። ከልጅዎ ጋር እጮኛነቱ ቢቀርም እማማ ማለቴን አልተውኩም፤ ደስ ካላለዎት ይንገሩኝ ብዬ ነበር፣ እርስዎም አልነገሩኝም።

ይህን የሚያነብልዎት ልጅዎ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌላ ማን አለ? ለእሱም ጤና ይስጥልኝ፤ ሰላምታዬ ይኸው ነው። አሁን ጉሮሮውን ጠራርጎ ይቀጥል። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ስልክ ቤት የሰው ድምፅ ሲያገናኙ የኖሩ ነዎት፤ ሰው ሊዋሽ ሲል ትንፋሹ እንደሚያጥር የነገሩኝም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ጆሮዎን ጣል አድርገው ያዳምጡልኝ። ትንፋሹ አጠር ካለ ሊዘል ነው። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስ ይበሉት።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደብዳቤዎ ልበለው እንጂ። እርስዎ ልጄ ነው የሚሉኝ፤ የተከበርሽ ባልደረባችን ብለውኝ አያውቁም። የሳይንሱ ማኅበረሰብ የሚባል ነገርም ካፍዎ ወጥቶ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኛን የሚጠሩን ትል ለቃሚዎች እያሉ ነው። ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ማን እንደጻፈው ገባኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢም ያሳደገ፣ ለባሕር ክፍል ኃላፊነት የታጨ ሰው እናቱ ቀሚስ ሥር ገብቶ ይለምነኛል! ወይ ጉድ። ለካ ንቀትም እንደዚህ ያስቃል።

ደብዳቤው ትሉን እንዳልነካበት ይላል፤ ቢያንስ ሹመቱ እስኪጸድቅ። የቱ ትል እንደሆነና ምን እንደሆነ ግን ለእርስዎ የነገረዎት አይመስለኝም። እንግዲያው እኔ ልንገርዎት፣ እሱ ያንብብ።

እኛ የምናጠናቸው የባሕር ትሎች እርስዎ ጓሮ የሚያዩዋቸው ዓይነት አይደሉም። ጎንና ጎናቸው ጥቃቅን ጠጉር ተተክሎበታል፣ መንጋጋ አላቸው፣ ዓይን አላቸው። አጥንት የሚባል ግን የላቸውም፤ ሲደነግጡ ራሳቸውን በጣጥሰው ይከፋፈላሉ። ስለዚህ ጭቃውን በወንፊት አጥበን ስናወጣቸው መጀመሪያ እናስተኛቸዋለን። ሰሐን ላይ በባሕር ውሃ አድርገን የሚያደነዝዝ ጨው ጠብ ጠብ እናደርግላቸዋለን። በብሩሽ ጫፍ ነካ እናደርጋቸዋለን። ከተኮማተሩ ገና ናቸው፣ እንጠብቃለን። ደግሞ ነካ፣ ደግሞ መጠበቅ። ወገብ ያስይዛል፣ ምሳ ይቀዘቅዛል፣ ቦት ጫማ ውስጥ ያለ እግር ይደነዝዛል። ዘና ብለው ሲዘረጉ ብቻ ነው አልኮል የሚፈስባቸው። ዶክተር ያሰኘን ሥራ ይኸው ነው እማማ፣ ትልን እሹሩሩ ማለት።

ልጅዎ እሹሩሩ አይወድም። ጠርሙስ ውስጥ ይከታቸዋል፣ አልኮሉን ይገለብጥባቸዋል፣ ክዳኑን ጠምዝዞ ወደ ሌላ ነገር። ስንት ጊዜ ተናገርኩት! አንቺ ለትል አንጀትሽ ይንሰፈሰፋል ይለኛል። የአንጀት ጉዳይ አይደለም የሥራ ጉዳይ ነው ብለው ማን ሰምቶኝ። መጨረሻ አብረን ጀልባ ላይ በወጣን ቀን ሁለት ትሎች አንድ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮ እንደ ልማዱ ገለበጠባቸው። ሁለቱም ተበጣጠሱ።

ብዙም ሳይቆይ እኔን ተወኝ። ለእርስዎ ምን ብሎ እንደነገረዎት አላውቅም። ለእኔ ያለኝ፣ አንቺ አጠገብ ስቆም ሰው የሚያየው አንቺን ነው የሚል ነው። ወንድነት ካሉ አይቀር እንዲህ ነው! ጠርሙሱንና የእኔን ጥሩ መቆንጠጫ ይዞ ትልቁ ተቋም ገባ።

ከዚያ ጽሑፉ በሳይንስ መጽሔት ወጣ። አዲስ ትል ተገኘ፣ ፊቱ እንዲህ፣ ኋላው እንዲያ፣ በዓለም ታይቶ የማይታወቅ። ስሙንም በእኔ ስም ሰየመው። ሳይጠይቀኝ። ፊት ለፊት ቆሞ ይቅርታ ማለት ያቃተው ሰው ይቅርታውን በትል ላከብኝ። እዚህ መሥሪያ ቤት ኬክ ቆረሱ፣ አለቃዬ ስምሽ ከመቃብር በላይ ዋለ አለኝ፣ የበሩ ጥበቃ ዛሬም ድረስ ወይዘሪት ትል ነው የሚለኝ። እርስዎ ብቻ ደውለው፣ ሰው በትል ይሰደባል እንጂ ይከበራል እንዴ ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከሁሉም ልክ የነበሩት እርስዎ ነበሩ።

የዚህን ባሕር ትሎች አንድ በአንድ እንዳጣራ የታዘዝኩት እኔ ስለሆንኩ ያንን ትል ከተቋሙ በውሰት አስላክሁት። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ትሉን ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ጠርሙስም እንዳለ ላከልኝ። ምድር ቤት ያለችው ክፍሌ ትዝ ትልዎታለች? ማቀዝቀዣው የሚያጓራባት፣ ሊጠይቁኝ መጥተው አፍንጫዎን በነጠላዎ ይዘው በር ላይ የቆሙባት። እዚያ ተቀምጬ በማይክሮስኮፕ አየሁት።

እማማ፣ እንደዚያ ያለ ትል የለም። የፊቱ ግማሽ የአንዱ ነው፣ የኋላው ግማሽ የሌላው። ከድግስ ቤት አንድ እግሩን የራሱን፣ አንድ እግሩን የሰው ጫማ አድርጎ እንደሚወጣ ሰካራም ብጥስጣሹን አምታትቶ ገጠመው። ከወገባቸው በታች ጠጉራቸው የሚለወጥ ትሎች ስላሉ ያነበበው ሁሉ አመነ። የቀሩት ሁለት ግማሾች ግን እዚያው ጠርሙሱ ሥር ተኝተው ነበር። አንስቼ ባጋጥማቸው ልክክ አሉ።

በመሳሳቱ አልናቅሁትም። ማን የማይሳሳት አለ? ትሉ ደህና ቢሆን ኖሮ ግን አትንኪብኝ ብሎ አይለምንም ነበር። ያውቃል። አውቆ ዝም አለ፣ ሹመቱን ጠበቀ፣ ዓይንዎ እንደማያይ እያወቀ በእርስዎ ስም ጻፈ። የናቅሁት ለዚህ ነው። ይህችን ቦታ ሁለት ጊዜ ያንብብልዎት።

ገና አልጨረስኩም። ከሁለቱ ትሎች አንዱ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ መንጠቆ ላይ የሚሰካው ተራ ትል ነው። የሁለተኛውን ጭንቅላት ግን የትም መጽሐፍ ላይ አጣሁት። መንጋጋውን አየሁ፣ ዓይኖቹን አየሁ፣ ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ ገለበጥኩ፤ ማንም አይቶት አያውቅም። እውነተኛው አዲስ ትል እሱ ነበር! ልጅዎ ተማሪ ከሆነ ጀምሮ ሲመኘው የኖረው ነገር እጁ ገብቶለት ነበር። ጅራቱን ወስዶ ጭንቅላቱን እንደ ቆሻሻ ጠርሙሱ ሥር ጥሎት ሄደ። ስለቸኮለ። ከወንበሬ እስክወድቅ ሳቅሁ። ጥበቃው ድምፄን ሰምቶ ወረደና ምን ሆነሽ ነው አለኝ። እየሳቅሁ ነው አልኩት። አይመስልም ብሎኝ ሄደ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያገኘሁትን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ ዓርብ ጠዋት ወደ መጽሔቱ ይሄዳል። ልመና አያስቀረውም። የሌለን ትል አለ አስብዬ አልቀመጥም፣ በስሜ ቢጠራም። በስሜ ከተጠራማ ጭራሽ።

ነገር ግን በእኛ ሥራ ስህተቱን ራሱ ያወጣ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይሳቅበታል እንጂ አይባረርም። ሌላ ሰው ካወጣበት ግን ከዚያ ወዲያ ጠርሙስ የሚያስጨብጠው የለም። ስለዚህ ከዓርብ በፊት ራሱ ይጻፍላቸው። ቸኩዬ አምታትቻለሁ፣ ስሙን ሰርዙት ይበል፣ አለቀ። የእሱን መጻፍ ከሰማሁ የእኔን እቀደዋለሁ። ሹመቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ይዘግያ! ይጽፋል ብዬ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም። አውቀዋለሁ፤ በሩን ቆልፎ በመስኮት የሚነጋገር ሰው ነው።

ትሎቹን ነገ በፖስታ ቤት እልካለሁ፣ ጭንቅላታቸውን ከየጅራታቸው አገናኝቼ፣ ለየብቻ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ። ያልታወቀውንም እሱ ራሱ ለዓለም ያስተዋውቀው። ከጭቃው ያወጣው እሱ ነው፤ የሰው ነገር አልፈልግም። በእኔ ስም እንዳይሰይመው ብቻ አደራ ይበሉልኝ፣ አንዴ በቅቶኛል። ከፈለገ በእርስዎ ይሰይመው። እርስዎ መጠበቅ ያውቃሉ፣ ስድብ ነው ብለውም ይስቁበታል።

አዝኜለት እንዳይመስልዎት። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሠላሳ ዓመት አልፎት እናቱ ፊት ጮክ ብሎ ስህተቱን ሲያነብ ስለሚታየኝ ነው። ደስ ብሎኛል። ከሄደ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ማለት ይቻላል።

በሉ እማማ፣ ዓይንዎን ያብራልዎት። ሞራው ሲገፈፍ ይህን ደብዳቤ በራስዎ ዓይን ያንብቡት፤ የዘለለው ካለ ያኔ ይያዛል። ጉልበትዎን ያበርታልዎት፣ ደጅዎን ሰላም ያድርግልዎት፣ ድምፅዎን ለእኔ ሲል ያቆይልኝ። ልጅዎም መቆንጠጫዬን ይላክልኝ።

ሳይዘል እስከዚህ ካነበበልዎት ጉሮሮው ደርቋልና ውሃ ይስጡት። ቀዝቃዛ አይሁን፤ ቶንሲሉ ይነሣበታል።

ምራትዎ ልትሆን የነበረችው