የላውንደሪው አለቅዬ የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ነሐሴ 12 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ይህን ጽፌ በቀብራቸው ላይ የማነብላችሁ ምራታቸው ነኝ፤ በመሐሉ ከባለቤቴ፣ ማለትም ከበኩር ልጃቸው፣ ሃያ ዓመት የደበቅኩት ነገር አለና እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው በ1968 ዓ.ም. በሆስፒታል ላውንደሪ ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአምቡላንስ ሾፌሩ ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1983 ዓ.ም. የአሥራ አንድ ሠራተኞች ኃላፊ ሆኑ፤ “አለቅዬ” የተባሉትም ያኔ ነው። ክፍሉን ሲረከቡ ጧት ሰላም የሚባባል ሰው እንኳ አልነበረም። ሰፊ አንሶላ የሚታጠፈው ለሁለት ነውና፣ የተኳረፉትን ለይተው ጫፍና ጫፍ ያስይዟቸው ነበር። ሃያኛው አንሶላ ላይ ሲደርሱ ወይ ይስቃሉ ወይ ይሰዳደባሉ፤ ሁለቱም ከኩርፊያ ይሻላል ይሉ ነበር። አቤት ሰው ማወቅ!

በ1992 ዓ.ም. አንዲት አዲስ ሠራተኛ ያልተበረዘ በረኪና ማሽን ውስጥ ገልብጣ፣ ስልሳ የቀዶ ጥገና ክፍል አንሶላ ወንፊት አደረገች። ቀዶ ጥገና ሁለት ቀን ቆመ። አስተዳደሩ የአጥፊዋን ስም ቢጠይቃቸው፣ “ያጠፋው ክፍሉ ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነኝ” ብለው ድርቅ አሉ። ከኃላፊነት ተነሥተው፣ ራሳቸው ባሠለጠኗት ሴት ሥር ሦስት ዓመት ልብስ ሲተኩሱ ቆዩ። አንሶላው በተበላሸ ማግስት የበረኪና አለካክ ያስተማሩት ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተው አልተቆጧትም። በ1995 ዓ.ም. ወደ ቦታቸው ተመልሰው፣ በ2008 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ።

የበኩር ልጃቸው ንዴት ግን አልበረደም፤ “ያቺን ሴትዮ ባገኛት!” እንዳለ ኖረ። የኔ ጌታ፣ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። በ1996 ዓ.ም. አግብተኸኛል። አሥሩም ባልደረቦቼ ሠርጋችን ላይ ሲጨፍሩ ውለው ትንፍሽ አላሉም፤ እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እንጂ ምራቴ ብለውኝ አያውቁም።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። ከሁለት ቀን በፊት ልንገረው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “ንገሪው፤ ግን ሰው በተሰበሰበበት ይሁን፤ ልጄ ሰው ፊት አይጮህም” አሉኝ።

ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና ዛሬ ከኋላ ቆመው የሚያለቅሱትን ባልደረቦቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን። አንተም ይኸው ሰው ሁሉ እያየህ ነው፤ ይቅር በለኝ።