ከአዳራሹ በር ላይ ለቆምከው

ውድ ወንድምዓለም፣

ስልክህን ስለማታነሳ እጽፍልሃለሁ። ጀምሬ ቀደድኩት፣ እንደገና ጀመርኩ። ሰላምታ ማስቀደም ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። ተነስቼ እጄን እታጠባለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። እጄ ንጹሕ ነው።

እማዬ የተኛችበት ማገገሚያ ሊዘጋ ነው። ኃላፊው ትናንት ቤተሰቦችን ሰብስቦ ነገረን። በጀቱ ስላልጸደቀ የሚለቀቅ ገንዘብ የለም፤ መድኃኒትና ምግብ አቅራቢዎቹም በዱቤ መስጠት አቁመዋል። ዓርብ ሕመምተኞቻችሁን ውሰዱ አለን። ሲናገር ጫማውን ነበር የሚያየው። አንዱ አስታማሚ "ወዴት ነው የምንወስዳቸው?" ብሎ ጠየቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የማን እህት እንደሆንኩ ያውቃሉ።

እማዬ በቴሌቪዥን አይታሃለች። የምክር ቤቱ ደወል ሲደወል የእናንተ ፓርቲ ሰዎች ከአዳራሹ ወጥታችሁ ከመስታወቱ በር ውጭ ትቆማላችሁ፣ ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሟላ። ካልተሟላ ድምፅ አይሰጥም፤ ድምፅ ካልተሰጠ በጀት የለም። አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ ከጓደኛህ ጋር ትስቅ ነበር።

"ልጄን ጥበቃ አደረጉት እንዴ?" አለችኝ።

"ኧረ አይደለም፣ እማዬ።"

"ታዲያ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እሱ በር ላይ ምን ይሠራል?"

"ተራ ይዘው ነው" አልኳት።

"እግሩ ይዝላል። ወንበር ስጡት በያቸው።"

አጠገቧ የተኛችው ልብስ ሰፊ አፏን በብርድ ልብሱ ሸፍና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ ስመላለስበት ቆየሁ።

ባለፈው ስትደውል ያልከኝ ከጆሮዬ አልወጣም። "ሚጢ፣ አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም። ያን የግብር አንቀጽ በጀቱ ውስጥ ሸጉጠው ሊያሳልፉት ነው። አሁን ከገባን አለቀልን።" እሺ፣ ሸጉጠው ይሆናል። የደሃውን ወገብ ይቆርጣል ስትል አምኜሃለሁ፤ አሁንም አምንሃለሁ። እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ብትዋሸኝ ኖሮ ተናድጄ እተኛ ነበር።

ግን ግባ። ገብተህ ተቃወም። እጅህን አውጥተህ አልቀበልም በል፣ ተከራከር፣ ካልሆነም ተሸነፍና በማግስቱ እንደገና ጀምር። የመረጡህ ሰዎች የላኩህ እንድትናገርላቸው ነው። ኮሪደር ላይ ቁምልኝ ብሎ የመረጠህ አላውቅም። እነዚያም ንጹሕ አይደሉም፤ አንቀጹን ነጥለው ሊያቀርቡት ይችሉ ነበር፣ እልህ ያዛቸው። እነሱም እህት ካላቸው ብትጽፍላቸው ደስ ይለኛል።

አልነገርኩህም፤ እማዬ መራመድ ጀምራለች። በሁለቱ ብረቶች መካከል፣ ግራ እግሯን እየጎተተች። "እግር አስተማሪዬ" የምትላት ባለሙያ ደመወዝ ሳታገኝ ትመጣለች። "ይምጡ እንጂ እማማ፣ ምነው ዛሬ ተግደረደሩ?" ትላታለች። እማዬም "ምን ላድርግ፣ አንዱ እግሬ አልታዘዝ አለኝ" ትላለች። ልጅቷ ወደ ጥግ ወስዳኝ "አሁን ካቋረጡ ያገኙትንም ያጡታል" አለችኝ። የኔ ቤት ስንት ደረጃ ተወጥቶ እንደሚደረስበት ታውቃለህ።

ዛሬ ጠዋት ኃላፊው ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። "የምክር ቤት አባሉ እናት ናቸው፤ አንድ ክፍል ሳንዘጋ፣ አንዲት ነርስ መድበን ልናቆያቸው እንችላለን" አለኝ። ደስ አለኝ፣ ወንድምዓለም። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። በአገጯ ወደ ልብስ ሰፊዋ እያመለከተች "እሷስ?" አለች።

"እሷማ… ዘመድ መጥቶ ይወስዳታል።"

"ዘመድ የላትም።"

ማንኪያዋን አንስቼ ሰጠኋት፤ አልተቀበለችኝም።

"ታዲያ እኔ ምን ብዬ ነው የምቀረው? ልጄ በር ላይ ስለቆመ?"

ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል። ስትጠይቀኝ የነበረው እኔ ምን እንደምል ለማየት ነው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞራ "የልጄ ቤት ሰፊ ነው። አብረን ነው የምንሄደው" አለቻት።

"ኧረ ተይ፣ ከሚስቱ ታጣይዋለሽ።"

"ሚስቱ ደግ ናት። የምፈራው እሱን ነው።"

ላስፈራራህ ብዬ አይደለም የምጽፍልህ። ደግሞም ላስፈራራ ብል አልችልበትም። አንተ ከገባህ የሚከተሉህ እንዳሉ ግን ሰምቻለሁ፤ የጎደለው ጥቂት ሰው ነው ይላሉ። የዓርቡ ደወል ጠዋት ነው። ከገባህ ደውልልኝ፣ የተከራየሁትን መኪና አስቀራለሁ። ካልገባህ ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም ይዤ እመጣለሁ። ምድር ቤት ባለው ክፍል ሁለት አልጋ አንጥፍ። የእማዬን ከግድግዳው አስጠጋው። ስትነሳ በግራዋ በኩል ቁምና ብብቷ ሥር ያዛት። ክብደቷን በሙሉ ትጥልብሃለች፤ እንዳትደነግጥ።

እህትህ
ሚጢ